ለዶክተሩ የተፈላው አልጫ ጨሞ

ክፉ ሰው አይጎዳም! አትቆጡ፣ ላስረዳ። ክፉ ሰው ሲመጣ ታውቁታላችሁ። በር ትዘጋላችሁ፣ መንገድ ትቀይራላችሁ፣ ስልክ አታነሡም። ጉድ የሚሠራችሁ ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው ኩሽናችሁ ድረስ ይገባል፣ ድስታችሁን ይከፍታል፣ «ምስኪን!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥላችኋል፤ ከዚያ ኑሯችሁን ያስተካክልላችኋል። እኔን ያስተካከሉኝ እትዬ አስቴር ናቸው።

እትዬ አስቴር ሚዛን ተፈሪ ያለሁበትን ቤት ያከራዩኝ የቤንች ሴት ናቸው። ጨሞ በማፍላት የሚያክላቸው የለም። ጨሞ ለማታውቁት… የቡናው ፍሬ ሳይሆን ቅጠሉ ነው የሚፈላው። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሚጥሚጣው ገብቶበት አንድ ስኒ ከጠጣችሁ ጉንፋን ሰፈር ይለቃል። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናውም ይህንኑ ጨሞ ነው።

እዚሁ በማስተምርበት ግቢ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው መሣሪያዬ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ እኔም ሳልደናቀፍ መጥራት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ውስጡ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ አለ። ቱቦው በጨዋማ ፈሳሽ ይሞላና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ያኔ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያላቸው ንጥረ ነገሮች በየፍጥነታቸው ይሮጣሉ። መጨረሻው አካባቢ ብርሃን የሚያልፍበት መስኮት አለ፤ አንዱ በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ ተራራ ይሥላል። ተራራ ካለ ንጥረ ነገሩ አለ። ተራራ ከሌለ… እኔም የለሁም!

ችግሩ፣ እኔ የምፈልገው ንጥረ ነገር ጨሞ ውስጥ ያለው ለምልክት ያህል ነው። (ስሙን ብነግራችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል።) በመስኮቱ ሲያልፍ ማሽኑ ልብ እንኳ አይለውም ነበር። ወራት ስታገል ከርሜ በመጨረሻ ዘዴው ተገኘ፤ ናሙናውን ምንም በሌለበት ንጹሕ ውሃ ማቅጠን! ንጹሑ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪኩ የንጥረ ነገሩን ቅንጣቶች አጥብቆ ስለሚጎትታቸው ይበራሉ። ጨዋማው ፈሳሽ ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ! በጥሩ መንገድ ሲከንፉ መጥተው የክረምት ጭቃ ጋ ሲደርሱ እንደሚደረደሩት ሚኒባሶች እዚያው ይከማቻሉ። ተበታትነው ያልታዩት ተሰብስበው ይታያሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ተራራው ብቅ ያለ ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

አዲስ አበባ ላለው አማካሪዬ ወዲያው ደወልኩ። ዶክተር ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ምንም ነገር አያምንም።

«በኢሜይል የሚላክ ተራራ አልቀበልም» አለኝ። «መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ካየሁ እፈርማለሁ። ካላየሁ አዲስ ርዕስ ትፈልጋለህ።»

አዲስ ርዕስ! ይህን ቃል ለጠላቴም አልመኝም። ሁሉንም እንደገና ከዜሮ መጀመር ማለት ነው እኮ!

ዶክተር በሚመጣበት ዕለት ጠዋት የቤተ ሙከራው ምድጃ ተቃጠለ። እንግዲህ ጨሞው እትዬ አስቴር ኩሽና ውስጥ መፍላት አለበት። ቅጠሉን ድስት ውስጥ ስጨምር በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ዝንጅብሉስ?»

«አያስፈልግም እትዬ።»

«ሚጥሚጣውስ?»

«እንዳይነካው! ነጭ ሽንኩርትም እንዳይገባ።»

«አሞሃል እንዴ ልጄ?»

«አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶክተር ይመጣል። ይህን ጨሞ ነው የሚያየው።»

እትዬ አስቴር ደረታቸውን ያዙ። ከእሳቸው ቤት ወጥቶ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ጨሞ… እንዲህ ሆኖ? ደረታቸውን መያዛቸው ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን «እሳቱን ይጠብቁልኝ» ብዬ ሸሚዜን ልተኩስ ሄድኩ!

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ቤተ ሙከራው ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጨሞውን አጥልዬ፣ በንጹሕ ውሃ አቅጥኜ፣ ማሽኑን አስነሣሁ። ጠበቅን። መስመሩ ለጥ እንዳለ ይሄዳል።

«ተራራህ የታለ?» አለ ዶክተር።

«እየመጣ ነው፣ ዶክተር።»

መስመሩ ለጥ ብሎ መጣ፤ ለጥ ብሎ አለቀ። ደገምኩት። እንኳን ተራራ፣ የጉንዳን ኩይሳ የለም! ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ዶክተር ብዕሩን ኪሱ ይከታል።

«ምን ዓይነት ርዕስ አስበሃል?» አለኝ በሐዘኔታ።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስቴር ናቸው! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው ስኒ ይዘው ከባጃጅ ወርደዋል።

«እስካሁን አላጠጣኸውም?» አሉና ወደ ዶክተር ዞሩ። «ደህና ገቡ ጌታዬ? ይቺው ናት ከድስቱ የተረፈችው። ባዶዋን ስላፈላት ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔ ጥፋት አይደለም።»

ዶክተር በትሕትና ተቀብሎ አንድ ጊዜ ፉት አለ። ፊቱ በራ።

«ኧረ ግሩም ነው! ጨዉም ልክ ነው!»

…ጨው?

ዶክተር ስኒውን አፉ ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሁለት ኬሚስቶች ዓይን ለዓይን ተያየን።

«እትዬ አስቴር… ጨው ጨምረዋል?»

«ሚጥሚጣ አልክ፣ ተውኩ። ዝንጅብል አልክ፣ ተውኩ። ጨው መች ከለከልከኝ?» አሉ ቆጣ ብለው። «ለእንግዳ ጨው የሌለው ጨሞ ልስጥ? ምን በደለኝ?»

ናሙናዬም ጨው፣ ቱቦዬም ጨው! ጥሩ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ነው። ሚኒባሶቼ ምን ላይ በርረው፣ የት ይከማቹ?

«ዶክተር፣ እባክህ… አንድ ዕድል!»

ባጃጁ ገና አልሄደም ነበር፤ ዘልዬ ገባሁ። ቤት ደርሼ፣ ጓሮ ካለው ቡና ቅጠል ሸምጥጬ፣ አፍልቼ፣ ድስቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተመለስኩ። ስደርስ ፔርሙዙ ባዶ ነው፤ ዶክተርና እትዬ አስቴር ስለ ቡና ዋጋ ይጨዋወታሉ። ማሽኑን አስነሣሁ። መስመሩ ለጥ አለ… ለጥ አለ… ከዚያ ሽቅብ! ተራራው ቀጥ ብሎ ወጣ! እኔ ጮህኩ፣ ዶክተር አጨበጨበ፣ እትዬ አስቴር ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ።

ዶክተር ብዕሩን አወጣና ፈረመ። በደስታ ልበር ስል ግን ከፊርማው ሥር አንድ መስመር ጨመረ፤ «ባለጨው ጨሞም ይለካ።»

«ዶክተር! ጨው እኮ…»

«ይህን አልጫ ማን ይጠጣዋል? ጨው እያለም የሚያይ ዘዴ ፈልግ።»

«እኔ አለሁልህ ልጄ!» አሉ እትዬ አስቴር።

ይኸው አሉልኝ። አሁን ውል አለን፤ እኔ ሳልጠይቅ ጨው የሚባል ነገር አይነኩም፣ ምለዋል። ትናንት ለማቅጠኛ የማዘጋጀውን ንጹሕ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ማሽኑ ጋ እስክወስደው ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ተዘፍዝፎ ጠበቀኝ።

«እትዬ አስቴር!»

«ጨው አልነካሁም!» አሉ ከጓዳ። «ውሃው ግን ምንም ምንም አይልም ነበር።»