ጋሽ እጅጉ ሳይለኩ ጦርነት የለም

አንድ ለኪ የሌለው ከተማ የለም። እናንተም ዘንድ አለ፤ አንገቱ ላይ ሜትር ባያንጠለጥል እንኳ ዓይኑ ሜትር ነው። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ከጎረቤቱ ወንበር ጋር ያስተያየዋል። ሁለት ነገር እኩል ነው ብላችሁ ፊቱ ካወራችሁ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ አትሠሩም። የኛው የፍኖተ ሰላሙ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ሊቀ ልክ ጋሽ እጅጉ ይባላሉ፤ ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በንዴት።

ጋሽ እጅጉ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ናቸው። “የፋብሪካ ልክ አይታመንም” የሚሏት ነገር አለቻቸው። ጫማ ስትገዙ ካገኟችሁ አለቀላችሁ፤ የአንዱ ፋብሪካ አርባ አንድ የሌላው አርባ መሆኑን በሜትር ሳያስረዱ አይለቋችሁም። ማንኩሳ ገበያ ላይ የሁለት ሴቶችን የጤፍ ጣሳ ጎን ለጎን አቁመው አንደኛው በጣት እንደሚያንስ ለገበያተኛው ሁሉ አሳዩ። ሴቶቹ ተኳረፉ። ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆነው ሲላኩም ጣሳዎቹን ይዘው ሄዱ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጦርነት ውስጥ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። የሒሳብ መምህር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና የቡሬው ጓደኛዬ ገነነ በትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ከኢንተርኔት ተማርን። ወታደሮቹ የዛሬ ዘመን ናቸው፤ ሄልሜት የደፉ፣ ሬዲዮ ያዘሉ፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማያልፍ። ሰፊ ጠረጴዛ ያላቸው ጋሽ እጅጉ ብቻ ስለሆኑ ሦስተኛ ተጫዋች አደረግናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

ወታደሮቹ የመጡት ከሦስት ፋብሪካ በሦስት ሳጥን ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ሦስቱም ላይ 28 ሚሊ ሜትር የሚል ተጽፏል። ጋሽ እጅጉ ከአንድ መካኒክ ካሊፐር የሚባለውን ባለ ሁለት ጥርስ የብረት መለኪያ ተውሰው ለኩ። የቀዩ ሃያ ስምንት ከእግር እስከ ዓይን ነው፤ የሰማያዊው እስከ አናት፤ አረንጓዴው ጭራሽ መቆሚያውንም ደምሮታል። “እስከ ዓይን የሚለካ ፋብሪካ ግንባሩን ለማን ትቶት ነው?” አሉ። በዚህ አልበቃቸውም። የቀዩ ራስ ከትከሻው እንደሚሰፋ፣ የአረንጓዴው ጠመንጃ ከባለቤቱ እንደሚረዝም አስመሰከሩ። እሑዳችን አለቀ፤ ቀጣዩም እንደዚያው።

“ጋሼ፣ ፕላስቲክ እኮ ናቸው። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?” ብዬ ተከራከርኩ።

ከስፖንጅ የቆረጥነውን ግንብ አንስተው ፊቴ አስቀመጡት። “መምህር፣ ይኸውልህ። ቀዩ ግንቡን አሻግሮ ያያል፤ ግን ራሱም ይታያል። ሰማያዊው ተሸሽጎ ይተርፋል። አንዱ በቁመቱ ሊሞት ነው። ይኼ ፍርድ ነው?”

የሚያናድደው ነገር፣ ልክ ናቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ያምሮትም አያግዙኝም። “ተዋቸው ይለኩ እንጂ። ጦርነት አንሶን ነው የምትቻኮሉት?” ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ባለፈው እሑድ ግን ነደድኩ። ገነነ ሥራው ወደ ሐዋሳ ስላዛወረው ከቡሬ ሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣው ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ወታደሮቹ ተሰልፈዋል፣ ግንቡ ቆሟል፤ ጋሽ እጅጉ ካሊፐራቸውን አነሡ። ያኔ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። “ጋሼ፣ እርስዎ መለካት እንጂ መጫወት አያውቁም። ሦስት ዓመት ሙሉ እሑዴን በሉት። አሁን ያንን ብረት ካላስቀመጡ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም።” ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ካሊፐሩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። “እሺ፣ ተኩስ” አሉኝ።

ተኩሱ መምታት አለመምታቱን የሚወስነውን ዳይስ ወረወርኩ። ስድስት ወጣ፤ አንድ የቀይ ሳጥን ወታደር ወደቀ። ገነነ አጨበጨበ። ጋሽ እጅጉ መሳቢያቸውን ስበው የደንበኞቻቸውን ልክ የሚጽፉበትን ደብተር አወጡ፣ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

“የወደቀው ልጅ ምስክር ነው” አሉ። “የማንኩሳው። ጥር ላይ የሠርግ ሱፉን ሰፍቼለታለሁ።”

ደብተሩን ከእጃቸው ወሰድኩት። ስድሳ ወታደር፣ ስድሳ ስም። ከየስሙ ፊት ቁመት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ እጅጌ።

“ምን ላድርግ፣ መምህር?” አሉኝ አቀርቅረው። “ስም የሌለው ልክ የማን ሱሪ ይሆናል? አርባ ዓመት የጻፍኩት እንዲህ ነው። ማንን ይመስላል እያልኩ የደንበኞቼን ስም ሰጠኋቸው።” ምስክርን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኒህን ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም አናደደኝ።

“አንድ ተኩስ ይቀርሃል” አለኝ ገነነ። “ያንን ከግንቡ በላይ አንገቱ የወጣውን ምታው።”

ደብተሩን አየሁ። በዚያ ወታደር ረድፍ “እንዳለው” የሚል ስም ተጽፏል። አምና ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሒሳቡ ሳይገባው እኔን ላለማስቀየም ራሱን የሚነቀንቅ።

ዳይሱን መዳፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ካሊፐሩን አንስቼ ለጋሽ እጅጉ አቀበልኳቸው።

“ምን ሆነሃል?” አለ ገነነ። “የመጨረሻ ቀናችን እኮ ነው።”

“አይቻልም” አልኩት። “እንዳለው ትንሽ ይረዝማል።”