ታማሚው ራሱ አቤት ይበል

በአገራችን ሰው መኖሩ የሚታወቀው ሲጠሩት አቤት ሲል ነው። ዓይንና አፍንጫ ይዞ ፊት ለፊት ተቀምጦ መገኘቱ ማስረጃ አይሆንም። አስተማሪው ስም ይጠራል፤ አቤት ያለ መጥቷል፣ ዝም ያለ ቀርቷል። ዳኛው ያስጠራል፤ ዝም ያለ ይፈረድበታል። እናት ከጓዳ ትጣራለች፤ አቤት ያላለ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል። ይህን የምለው ነገሩ ከማንም በላይ ስለሚያገባኝ ነው። ስድስተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ድምፄ ከጉሮሮዬ አልፎ የወጣበትን ቀን አላስታውስም። የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የአስተማሪው የጠመኔ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ፣ ቀሪ የተባልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ብዕር ያነሳሁት ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። በአፌ መናገር አልችልም፣ ንዴቴ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል።

እንግዲህ ታናሽ እህቴን አስካለን ላስተዋውቃችሁ። የፊት ጥርሶቿን በመቀየር ላይ ናት። ተጠርታ አቤት ብላ አታውቅም። ደንቆሮ ናት እንዳትሉ፣ ከወንዙ ማዶ የሚመጣውን የጭነት መኪና እኛ ሳንሰማው ሰምታ ጆሮዋን ትይዛለች። ዲዳ ናት እንዳትሉ ደግሞ ሾፌሮች የሚያንጎራጉሩትን ዜማ አንድ ጊዜ ሰምታ ሳታዛንፍ ትደግመዋለች። እናታችን ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ለደሴና ለአሰብ ሾፌሮች ምግብ ታበስላለች። አስካለ በራፉ ጥግ ተቀምጣ የቢራ ቆርኪ በቀለም በቀለሙ እየለየች፣ ክር የተወጠረ እስኪመስል ቀጥ አድርጋ ትደረድራለች። አንዱን ቆርኪ የነካባት ሰው የዕለቱን ሰላም አበላሸ ማለት ነው። ጭንቅላቷን ዳበስ ያደረገማ እሳት የጣለባት ያህል ነው። ሾፌሮቹ ለምደዋታል፤ ቆርኪውን ተራምደው ይገባሉ። ከተማው ግን አልለመዳትም። ቡዳ ነው የሚል አለ፣ ዛር ነው የሚል አለ፣ የእናቴን ኃጢአት መቁጠር የሚጀምርም አይጠፋም።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ግን ክፉ ነገር ተናግረው አያውቁም። ማንጎና ፓፓያ ይሸጣሉ። አስካለን ባዩ ቁጥር እናቴን ጠጋ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ እቤት አስቀምጫት። ወላሂ የሰው ዓይን ክፉ ነው። ያልታየ ልጅ አይሰደብም» ይሏታል። ከእሳቸው ጓዳ በኩል ቆርቆሮውን ኳ፣ ኳ የሚያደርግ ነገር ነበር። እናቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «ፍየሏ ናት። ጅብ ፈርቼ ውስጥ አስሬያት ነው» አሏት። አስካለ ለፍየሏ በማንኪያ ትመልስላት ነበር። ከወዲያ ኳ ሲል ከወዲህ ኳ፤ ኳ ኳ ሲል ኳ ኳ። ለሰው አቤት ያላለች ልጅ ለፍየል አቤት አለች ብለን እኔና እናቴ ስንት ጊዜ ሳቅን።

አንድ ጊዜ የአሰብ ሾፌር የሆነ ደንበኛችን፣ አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን የሚያይ ትልቅ ሐኪም አለ ብሎ ነገረን። እናቴም አስካለን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። የጣርማ በርን ዋሻ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ውስጥ ክላክስ ሳይነፋ የሚያልፍ ሾፌር ያለ አይመስለኝም። ድምፁ ከግድግዳው እየነጠረ ሲመለስ ተሳፋሪው ይስቃል፣ ያፏጫል፣ ደስታ ነው። ለአስካለ ግን ዋሻው በላይዋ ላይ የፈረሰ ያህል ነበር። ጮኸች፣ የወንበሩን ጨርቅ ቀደደች። «ሰይጣን አሳፍረን ይህን ሁሉ ገደል አንሄድም» አለ ተሳፋሪው። ከዋሻው ማዶ ጉሙ ውስጥ አወረዷቸው፤ ሽንኩርት አድርሶ የሚመለስ የጭነት መኪና ነው መልሶ ያመጣቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ በቤታችን ስሟ የማይነሳ ከተማ ሆነች።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ማሽላ በተወቃ ሰሞን አስካለ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀመረች። ሁልጊዜም በቀኝ በኩል ነው። እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ አቆመች። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ቆርኪዎቿን መተዋ ነው። ተበታትነው ሰው ሲረግጣቸው ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ለማን ብንናገር መልሱ አንድ ነው፤ «አመሏ አይደል እንዴ?»

እስቲ እናንተን ልጠይቃችሁ። እናንተ ጥርሳችሁን ቢያማችሁ ሰፈሩ ሁሉ እግዜር ይማርህ ሊል ይመጣ የለም? ጉንጫችሁን ይዛችሁ ብትንጎራደዱ አመሉ ነው ይላችኋል? ሁልጊዜ የምታለቅስ ልጅ ግን የሚያማት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ጤነኛ ሰው ለመታመም መብት አለው፤ እህቴ አልነበራትም።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪማችን ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማሩ ድሬሰር ናቸው፤ ከተማው ዶክተር ይላቸዋል፣ እሳቸውም ተቃውመው አያውቁም። ተራ የሚያስጠብቁትና ስም የሚጠሩት ደግሞ ዘበኛው ጋሼ ወልዴ ናቸው። ጤና ጣቢያው የራሱ ደንብ አለው። ቀደም ሲል ሰዎች በሌላ ሰው ስም እየገቡ ክኒን ይወስዱ ነበር። አንድ ነጋዴ በሚስቱ ስም የተሰጠውን የወባ ክኒን በቅሎውን ሲያስውጣት ተያዘ። ከዚያ በኋላ «ታማሚው ራሱ አቤት ይበል፤ ያላለ ይታለፋል» ተባለ። ከዚህ ነፃ የሚሆነው ጡት የሚጠባና በቃሬዛ የመጣ ብቻ ነው። አያችሁ፣ ጥፋቱ የባለበቅሎው ነጋዴ፣ ቅጣቱ የእህቴ።

«አስካለ!» አሉ ጋሼ ወልዴ።

አስካለ እናቴ ጉያ ውስጥ ሆና ጆሮዋን በጡጫዋ ትመታለች።

«አስካለ! የለችም፣ ቀጥሎ።»

«ኧረ ይቻትና፣ ጋሼ ወልዴ» አለች እናቴ።

«አየኋት። አቤት ትበላ።»

«አትናገርም እኮ።»

«ካልተናገረች ምን እንደሚያማት በምን ይታወቃል?»

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ፣ «ቃሬዛ ላይ እሰሯትና አምጧት፤ ያኔ ትገባለች» ብሎ ሰውን አሳቀ። ድሬሰሩ ጩኸቱን ሰምተው ከበሩ ብቅ አሉ፣ አስካለን ከሩቁ አዩና፣ «ይህ የእኛ አይደለም። ጠበል ውሰጃት» ብለው ተመለሱ።

ጠበል ወሰድናት። አጥማቂው ቄስ ደህና ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚያፈሱት። ግን ውሃው ጭንቅላቷን ሲነካት እንዴት እንደምትሆን ነግሬያችኋለሁ። በጮኸች ቁጥር ሰዉ «ጮኸ፣ ሊወጣ ነው» እያለ እልል ይላል። እኔ ጥግ ቆሜ ማን ነው የጮኸው ልበላቸው እላለሁ፣ ድምፄ ግን የለም። ስንመላለስ ሰነበትን። በኋላ ከጆሮዋ መግል ሲወርድ ያዩት ራሳቸው ቄሱ ናቸው። «ይህ የእኛ አይደለም። ጆሮዋ ነው፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት» አሏት እናቴን።

ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም በትሕትና ነው ያባረሩን።

እናቴ ያን ቀን ማታ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «በቃኝ፤ እቤት ትቀመጥ» አለች። እትዬ ዘሃራ ያሏት ነገር በመጨረሻ ገባት መሰለኝ። ያኔ ነው የተናደድኩት። በድሬሰሩ አይደለም፣ በቄሱም አይደለም፤ አቤት በምትባለው በዚያች በምታስቅ ቃል ነው። ሲነጋ አስካለን አዝዬ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣሁ። እናቴ አልከለከለችኝም፣ አልተከተለችኝምም።

«አስካለ!»

«አቤት» አልኩ።

ጋሼ ወልዴ ቀና አሉ። እኔንም እሷንም ደህና አድርገው ያውቁናል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አስካለ በጥቂት ቀን አደገች» አሉ።

አስካለን ጀርባዬ ላይ አስተካከልኳት።

«ለመሆኑ አቤት ተብሏል?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው።

«ተብሏል» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ደንቡ አቤት ይባል ነው የሚለው። ተብሏል። ግቢ።»

ክፍሉ ውስጥ የጃንሆይ ፎቶግራፍ፣ አንድ በርጩማና የአልኮል ሽታ አለ። አስካለን ከጀርባዬ አውርጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ምንሽን ነው?» አሉ ድሬሰሩ። ጆሮዬን አልኩ። ግንባራቸው ላይ ብርሃን ወደ ጆሮ የምትመልሰውን ክብ መስተዋት አስረው፣ አገጬን ይዘው አዘነበሉኝና አዩ። መስተዋቷ የመስኮቱን ብርሃን ይዛ ግድግዳው ላይ ትጫወታለች። አስካለ ማቃሰቷን አቆመች።

«ጆሮሽ ምንም የለበትም።»

«የእሷን ነው» አልኩ።

«ምን? በሰው ስም ገብተሽ በእኔ ላይ ትቀልጃለሽ? ማነው ያስገባሽ! ወልዴ!»

አስካለ ወደ ግድግዳው ሸሸች፣ ጡጫዋም ወደ ጆሮዋ ሄደ።

«ዝም ይበሉ» አልኩ።

እንዲህ ያለ ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለእሳቸውም እንዲህ ያላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እውነትም ዝም አሉ። «እባክዎ፣ ሲጮሁ ነው የምትፈራው። እኔን እንደገና ይዩኝ። እያየች ነው» አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ደንግጠው ይሆናል። አገጬን ይዘው፣ አሁን ቀስ ብለው፣ ያንኑ ጤነኛ ጆሮዬን እንደገና አዩልኝ። አስካለ ተጠጋች። መስተዋቷ ውስጥ የራሷን ዓይን አየች። ከዚያ እኔን ተመለከተችና፣ እኔ እንዳዘነበልኩት አድርጋ፣ ማንም ሳይነካት፣ አንገቷን አዘነበለች።

ለብ ያለ ውሃ መጀመሪያ በእኔ ጆሮ፣ ከዚያ በእሷ። መቆንጠጫው መጀመሪያ በእኔ፣ ከዚያ በእሷ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ድሬሰሩ መቆንጠጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ያበጠች የማሽላ ፍሬ ናት፤ ነጭ ቡቃያ አውጥታለች።

«በቅላለች እኮ» አሉ ለራሳቸው።

ጠበሉን አልወቅስም። ማሽላ ውሃ ካገኘ መብቀል ሥራው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ይህች ልጅ የጠየቀችን ነገር ትንሽ ነበር፤ አትጩሁብኝ፣ ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ አሳዩኝ ነው ያለችው። ለዚህ አዲስ አበባ አያስፈልግም፣ ዋሻ ማቋረጥ አያስፈልግም፣ ከውጭ አገር የሚመጣ መድኃኒትም አያስፈልግም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን የሚያውስ ሰው ብቻ ነበር የጎደለው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አስካለ ወደ ቆርኪዎቿ ተመለሰች። ከተማው ደግሞ ወደ ወሬው። ድሬሰሩ እብድ እንዳዳኑ ይናገራሉ፤ ጠበልተኞቹ ማን እንደፈወሳት እናውቃለን ይላሉ። አሁንም አቤት አትልም፣ አሁንም ጭንቅላቷን አታስነካም። እንዴት ዳነች እንዳሉ አይገባኝም፤ ጆሮዋ ነው የዳነው። ያም ለእኔ በቂ ነው። የጤና ጣቢያው ደንብም እንዳለ ነው፤ የተነካ የለም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ እትዬ ዘሃራ መጡ። በዚያ ሰዓት ማንጎአቸውን ትተው አይነሱም። በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ለሰው አቤት ትያለሽ አሉ» አሉኝ።

«ለማን ልበል?»

ወደ ግድግዳችን ዞሩ። ከግድግዳው ወዲያ ኳ፣ ኳ አለ፤ ግን ቀስ ብሎ፣ ጉልበት እንዳነሰው ሁሉ። አስካለ ማንኪያዋን አነሳችና መለሰችለት።

«ፍየሏ ታመመች እንዴ?» አለች እናቴ።

እትዬ ዘሃራ መሬት መሬት አዩ። «ስሙ ኑሩ ነው» አሉ።

ያመመው ወባ ነበር። ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር፣ እናቴ ልጅሽን ደብቂ የሚል ምክር ስትሰማ፣ ምክሩ ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ኑሩ፣ እንደ አስካለ ተጠርቶ አቤት የማይለው ልጃቸው፣ ከእኔ በጥቂት ያንሳል። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቆዳው ልክ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ነው። በማግስቱ እትዬ ዘሃራና እኔ ደግፈነው ወጣን፤ አስካለ ከኋላ ማንኪያዋን ይዛ ተከተለች። ኑሩ ብርሃኑን ስላልቻለው ዓይኑን በክንዱ ጋረደ።

«ኑሩ!» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«አቤት» አልኩ።

«ኑሩ ቀሚስ ለብሶ መጣ?» አሉ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ይሳቅ። እሳቸውም እየሳቁ በሩን ከፈቱልኝ፤ ደንቡ አልተጣሰማ።

ድሬሰሩ አዩኝና ተነፈሱ። «ዛሬ ደግሞ ማን ነሽ?» አሉኝ፣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ነገርኳቸው። ኑሩ እያየ፣ ለደም ምርመራ መጀመሪያ የተወጋው የእኔ ጣት ነው።

በዚህች ከተማ ጓዳ ስንት ፍየል ታስሮ እንዳለ ገና አላወቅሁም። ጣቶቼ ግን ዐሥር ናቸው።