ዕቅዱን የተቃወመው ሕፃን

ዕቅድ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ዘመን ደባርቅ ጎረቤቴ የነበረው የቀበሌ ጸሐፊ ቤት በግ እንኳ ያለ ዕቅድ አትወልድም ነበር። በአንዱ እንቁጣጣሽ የዓመቱን ዕቅድ ሊያጸድቅ ቤተሰቡን ሰበሰበ፤ እኔ ታዛቢ ሆንኩ።

«አጥሩ ይታጠራል» ሲል ሚስቱና የሁለት ዓመት ልጁ እጃቸውን አወጡ። «በጓ መንታ ትወልዳለች» ሲልም አወጡ። «አባወራው በጥር ጣራውን ቆርቆሮ ያለብሳል» ሲል ግን ሕፃኑ አባቱን ትክ ብሎ አይቶ፣ «አባባ የለም» አለ።

«ይኸው አለሁ አይደል እንዴ!» ብሎ እየሳቀ ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ ተቃውሞ» ሲል ጻፈ።

አጥሩ ታጠረ። በጓም መንታ ወለደች። ጸሐፊው በታኅሣሥ ለአስቸኳይ ስብሰባ ትፈለጋለህ ተብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

በቀጣዩ እንቁጣጣሽ ሚስቱ ጠራችኝ። ሕፃኑ እኔን ትክ ብሎ አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል ዳቦ ቆርሼ አጎረስኩት፤ አላምጦ ሳይጨርስ ከአዲሱ አጥር ውጭ ነበርኩ።