ደካማ ጎን፦ መጨረሻው ይጣደፋል

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚኖርና የሚገመግም። የሚኖረው ምሳውን ይበላል፣ የሚገመግመው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የምሳውን ጠንካራና ደካማ ጎን ይዘረዝራል። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም የምትሉ ካላችሁ አትዋሹ። ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ የመሥሪያ ቤት ጎረቤታችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ፣ እግዜር ይርዳችሁና፣ ተጋብታችሁታል።

የእኛው ገምጋሚ ሰው ሠራሽ ጥርስ በምንሠራባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጥርስ ማለስለሻው ሞተር ፊት ይቀመጣሉ። ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኛ ከኋላቸው «ክቡር ገምጋሚ» እንላቸዋለን፣ ከፊታቸው ግን «ጋሼ»። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ ጄሶ እበጠብጣለሁ። ሐኪሞቹ ከበሽተኛው አፍ የወሰዱትን ልክ ይልኩልኛል፣ እኔ ጄሶ ሞልቼ ድዱን አወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ሳይ ኖሬያለሁ፤ ሰውን ከጀርባው የሚያይ ደግሞ መጠርጠር ይለምድበታል።

ክቡር ገምጋሚ አፋቸውን የሚከፍቱት «በጠንካራ ጎን እንጀምር» ብለው ነው። የባልደረባችን ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ አባት አጠገብ ተቀምጠው፣ «በጠንካራ ጎን እንጀምር፤ ወንበሩ በቂ ነው» አሉ። ደካማውን ዘርዝረው ሳይጨርሱ ኬኩ ተቆርሶ፣ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጠበ። አንድ ጊዜ ደግሞ የልብ ምርመራ ውጤታቸውን ይዘው መጥተው የሐኪሙን የእጅ ጽሑፍ ገመገሙልን። ልባቸው እንዴት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ሌላው አመላቸው መሳሳት ነው። በወሩ መጨረሻ አለቃችን ሰብስቦን «አስተያየት ያለው?» ሲል ሁላችንም ጫማችንን እናያለን። ያኔ ክቡር ገምጋሚ ይነሱና «ባለፈው ወር አንድም ጥርስ ተመላሽ አልሆነብንም» ይላሉ። ዘጠኝ ተመልሶብናል። ይሄኔ ቤቱ ይነሳል፤ ማን እንዳበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ የቱ ሐኪም ልክ መውሰድ እንደማይችል ሁሉም ሲናገር ይመሻል። ሰም የምትሠራው ልጅ ከተቀጠረች ጀምሮ ድምጿን የሰማ አልነበረም። አንድ ቀን ታዲያ የታችኛውን መንጋጋ ይዘው የላይኛው ነው ብለው ድርቅ ሲሉባት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ገልብጠው ይዘውታል» አለች፤ በዚያው ቀጥላ ስለ ሰሙ ጥራት ግማሽ ሰዓት ተናገረች። እኛ በሳቅ ሞትን። «እርጅና ገባ» ተባባልን።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልካቸውን የጄሶ ከረጢት ላይ አስደግፈው ሲያዩ ደረስኩባቸው። ዓይኖቿ ፊቷን የሞሉ ልጅ፣ ነጭ ጓንት ካጠለቀች ሴትዮ ጋር አሮጌ ሊፍት ውስጥ ቆማለች። ሴትዮዋ ጥላ የላትም። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ካርቱን! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ጠጋ አልኩ።

«ካርቱን ያያሉ እንዴ ጋሼ?»

«አኒሜ ነው፣ የጃፓን» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «አጭር ነው፣ የመናፍስት። አሥራ ሁለት ክፍል።»

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም። ያቺን ሊፍት አውቃታለሁ። በበሩ ክፍተት አጮልቄ ልጄ ስልክ ላይ አይቻታለሁ።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ሲያወሩ የማያልቅ ወሬ። እናቴ ያረፈችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጄ ፈተና ላይ ሳለች ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እናቴ ሁለት ሰዓት አጣጥራለች። እኔ ፈተናዋን ትጨርስ ብዬ አላስጠራኋትም። ሁለት ሰዓት እንደፈጀ ልጄ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ከአፏ የወጣልኝ «እሺ»፣ «አይ» እና «በልቻለሁ» ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ልጅ አላሳደገም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ልጄ ይህንን ታያለች። በሌላ በሌላው አልሆነልኝም፣ በዚህ ላናግራት እፈልጋለሁ። ምን ልበላት?» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማክሰኞውን ጭምር።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉት፤ ጋውኑም ጄሶ ነበርና የባሰ ቆሸሸ። «በጠንካራ ጎን እንጀምር» አሉ።

ግምገማው የአንድ ሳምንት ምሳ ፈጀ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ክፍል ያሳዩኛል፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሊፍቱ ሕንፃው ላይ የሌለ ፎቅ ላይ ይቆማል። እዚያ የሞቱ ሰዎች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ሳይናገሩት የቀረ አንድ ዓረፍተ ነገር አላቸው። ልጅቷና ጓንት ያጠለቀችው የሊፍት ሠራተኛ ያስነግሯቸዋል፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

«አንደኛ ጠንካራ ጎን፣ ማጠሩ» አሉ። «ሁለት መቶ ክፍል ያለው ተከታታይ የሞተውን ሰው ሦስቴ አስነስቶ ሦስቴ ይገድልብሻል። ይሄ ጊዜ የለውም። የሞተው ሞቷል። ሁለተኛ፣ አያብራራም። ፎቁን ማን ሠራው፣ ፈቃዱን ማን ሰጠ፣ አይልም። ሊፍቱ ይቆማል፣ በቃ።»

«ደካማውስ?»

«ነገር አለው» አሉ። ይህ ሁለተኛው ሐረጋቸው ነው፤ ሲሉት ከበሩ ጀርባ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። «ክፍል አራት ላይ ሁሉም ተነስተው ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ያለሽ አሥራ ሁለት ክፍል፤ አንዱን በዋና ታባክኚዋለሽ? ክፍል ሁለት ላይ መንፈስ ዕቃ መንካት አይችልም ተባልን፤ ክፍል ስድስት ላይ ሠራተኛዋ፣ ራሷ መንፈስ ሆና፣ ሻይ ትጠጣለች። ማን ነው የፈቀደላት? ክፍል ዘጠኝ ላይ ደግሞ ከየት መጣ የማይባል ጠላት ይገባል፣ ክፍል አሥር ላይ ይሞታል። ምንድነው፣ የቀን ሠራተኛ ነው?»

ዓርብ ዕለት አሥራ አንደኛዋ ክፍል ስታልቅ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

«አሥራ ሁለተኛዋስ?»

«እሷን እነግርሻለሁ። ዋናው ደካማ ጎን መጨረሻው ነው። ይጣደፋል። ሠራተኛዋ የምትሄድበት ተራ ይደርሳል፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። ለልጅሽ ይህንኑ ንገሪያት። አንድም ቃል ሳትቀንሺ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን አይተዋታል?»

ሞተሩን አስነሱት። ሞተሩ ሲጮህ ደግሞ ማንም ማንንም አይሰማም።

አላዩዋትም አልኩ በልቤ። ሰውዬው እስከ አሥራ አንድ አይቶ የቀረውን ከራሱ የሚሞላ ቀጣፊ ነው። እንዲያውም ስንቱን ነገር እስከ አሥራ አንድ አይተው ይሆን የፈረዱበት? ለሰም ሠራተኛዋም ሹክ አልኳት፣ «አላየም» አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ግን ምን አማራጭ ነበረኝ?

ቅዳሜ ምሳ ላይ ልጄ ኢርፎኗን እንደሰካች ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ያ የሊፍቱ አኒሜ» አልኩ፣ «ጠንካራ ጎኑ ማጠሩ ነው።»

ሹካዋ አየር ላይ ቀረ።

«ደካማ ጎኑ ግን መጨረሻው ይጣደፋል። ሠራተኛዋ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በሩ ይዘጋል።»

አንዱን ኢርፎን አወጣች። ከዚያ ሁለተኛውን አወጣች። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው።»

«አላየውም። ወይ ተኝቶ ነው ያየው። አይጣደፍም እኮ እማ። መሄጃዋ ምድር ቤት ነው አይደል? ልጅቷ ደግሞ ሊፍቱ ሲዘጋባት በደረጃ እየሮጠች ትከተላታለች። ሠራተኛዋ ምን ታደርጋለች፣ ሁሉንም ቁልፍ ትጫናለች። አሥራ አራት ፎቅ። ልጅቷ እንድትደርስባት ሊፍቱ በየፎቁ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይተያያሉ፣ ይዘጋል። በየፎቁ! ከዚህ የበለጠ ቀስ ያለ መጨረሻ አሳዪኝ። ሳያዩ ለምንድነው የሚያወሩት?»

አራት ወር ያጠራቀመችውን ቃል በአንድ ትንፋሽ አወረደችብኝ። ተቆጥታለች፤ ጉንጯ ቀልቷል። እኔ ደግሞ ስደሰት ያስታውቅብኛልና ውሃ ጠጣሁ። «እንግዲህ አላየሁትም፣ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

«ነይ» አለችኝ።

አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ሆነን አየነው። የእናቴ አልጋ ከፊታችን እንደተነጠፈ ነው። አሥራ አራተኛው፣ አሥራ ሦስተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ። ሰባተኛው ላይ ልጅቷ ደረጃው ላይ ወድቃ ትዘገያለች፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ሠራተኛዋ እግሯን አስገብታ ትይዘዋለች። ልጄ እዚያ ላይ አቆመችው።

«አያቴም ጠብቃኝ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ጠብቃሻለች» አልኳት። «በሩን በሩን ስታይ ነበር። ያልጠራሁሽ እኔ ነኝ። ለፈተናሽ ብዬ ነው፣ አጥፍቻለሁ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ያንገበግበኛል።»

«ሰባ ሁለት ነው ያመጣሁት» አለች። «ለሰባ ሁለት ነው ያስቀረሽኝ።»

ተላቀስን። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ብቻ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ የቀረውን ሰባት ፎቅ አብረን ወረድን። ሲያልቅ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ክፍል አራት ግን ምንም አይረባም» አለች። ባልደረባዬም እንደዚያው እንዳሉ ነገርኳት። ወረቀት አነሳችና ለክቡር ገምጋሚ የግምገማ ውጤት ጻፈችላቸው።

ሰኞ ጠዋት ጄሶዬን እየበጠበጥኩ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ጠንካራ ጎን፦ ክፍል አራትን ጠልተዋል። ደካማ ጎን፦ ሳያዩ ይፈርዳሉ።» ሰም ሠራተኛዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። እሳቸው ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ተናገረች ማለት ነው» አሉ።

«ተናገረች። አብረንም አየነው።»

«ደግ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ በሩን በእግሯ ስትይዝላትስ፣ አላለቀሳችሁም?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለ ሰባተኛው ፎቅ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ወረቀቱም ላይ የለም። እጄ ላይ የያዝኩት ጄሶ እስኪደርቅ ድረስ ጀርባቸውን እያየሁ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አይተውታል።»

«አራት ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን ይጣደፋል አሉኝ?»

አልዞሩም። አንድ የፊት ጥርስ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። «ዝም ያለ ሰው ስትጠይቂው አይመልስልሽም» አሉ። «ስትሳሳቺበት ግን አያስችለውም።»

ያኔ የተገለበጠው መንጋጋ ትዝ አለኝ። ተመላሽ አልሆነብንም የተባሉት ዘጠኝ ጥርሶች ትዝ አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እርጅና ገባ እያልን ስንስቅ፣ ሰውዬው ቁጭ ብለው ያስወሩን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሳሳቱትን ሁሉ እጠረጥራለሁ። ትናንት ዕለቱ ረቡዕ ነው ሲሉኝ እንኳ፣ ሐሙስ መሆኑን እያወቅኩ ማንን ሊያስወሩ ይሆን ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።

ቀኑ ግን ይሄዳል። ትናንት ከደመወዝ ክፍል የጡረታ ቅጽ መጥቶላቸው ሞተራቸው አጠገብ አስቀምጠውት አየሁ። ዝም ብለዋል፤ ቅጹን እንኳ አልገመገሙትም። እሳቸው ዝም ሲሉ የክፍሉ ጸጥታ ያስፈራል።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጡረታ ሊወጡ አምስት ዓመት ቀርቶዎታል አይደል?»

ሞተሩን አጠፉት። ወንበራቸውን አዙረው ከመነጽራቸው በላይ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ምን እንደማደርግ ገብቷቸዋል። ሰም ሠራተኛዋም ቀና አለች። ሁላችንም ቁጥሩን እናውቀዋለን፤ ሁለት ነው።

«አዎ» አሉ ክቡር ገምጋሚ። «አምስት ነው።»

ማንም አላረማቸውም።