ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም

(ወላይታ ሶዶ። ከተዘጋ ሰባት ዓመት የሆነው የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ በር። ዘበኛው ባዳቾ ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ ለብሶ ቆሟል። ሚስቱ አስካለች ምሳ ይዛ መጥታለች።)

ባዳቾ፦ መታወቂያ!

አስካለች፦ የመሲ አባት፣ ሚስትህ ነኝ እኮ!

ባዳቾ፦ ሥራ ላይ ሚስት የለኝም።

አስካለች፦ ምሳስ?

ባዳቾ፦ (ሰሃኑን ቀምቷት) ምሳ መታወቂያ አያስፈልገውም። አንቺ ግን ከመስመሩ ወዲያ!

አስካለች፦ ኧረ ስማኝ! ነገ ዶዘር ሊገባ ነው። አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩበት ነው፤ ቀበሌው ማስታወቂያ ለጥፏል።

ባዳቾ፦ (እየጎረሰ) የፋብሪካው ማኅተም አለበት?

አስካለች፦ ፋብሪካው የት አለና!

ባዳቾ፦ እኔን "ሂድ" ያለኝ ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ ከሌለ ፋብሪካው አለ። አንቺ አይገባሽም እንጂ ሕጉ እንደዚህ ነው።

አስካለች፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ውስጡን ግን አይተኸው ታውቃለህ?

ባዳቾ፦ ዘበኛ ወደ ውጭ ነው የሚያየው! ሰባት ዓመት ሙሉ ዝንብ አላሳለፍኩም። ... ጎደሬው ግን ዛሬ ለጉድ ይጣፍጣል! ከአረካ ነው?

አስካለች፦ ከዚሁ ነው።

ባዳቾ፦ ከሶዶ ገበያ?

አስካለች፦ ከማሽኑ ክፍል ጀርባ።

ባዳቾ፦ (ጉርሻው አንቆት) ምን?!

አስካለች፦ የጓሮው አጥር እኮ ፋብሪካው በተዘጋ በዓመቱ ወድቋል፤ በዚያ ገብቼ ጎደሬ ተከልኩ። አንተ ደሞዝ ሳታመጣ ምን ስንበላ የኖርን ይመስልሃል? አሁንም ሦስት ጆንያ ነቅዬ አስሬአለሁ። ዶዘሩ ሳይጨፈልቅብኝ በባጃጅ ላውጣው። በጓሮ በኩል ባጃጅ አያስገባም፤ በሩን ክፈትልኝ።

ባዳቾ፦ ሌባ! ከዚህ ግቢ ያለ መውጫ ወረቀት አንዲት ነገር አትወጣም!

አስካለች፦ ወይ ጉድ! ስድስት ዓመት ሙሉ በሆድህ ስታወጣው የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ?

ባዳቾ፦ (ሰሃኑን አየ። ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።) አስካለች... ታዲያ እኔ ምን ስጠብቅ ነው የኖርኩት?

አስካለች፦ (አንጀቷን በልቷት) ጎደሬዬን ነዋ! አንተ ከፊት ሆነህ ባትጮህ ሰፈርተኛው ነቅሎ ይጨርስልኝ ነበር።

ባዳቾ፦ (ብድግ ብሎ ኮፍያውን እያስተካከለ) ስለዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ?

አስካለች፦ ምን ጥያቄ አለው!

ባዳቾ፦ (ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ) ደሞዜስ?

አስካለች፦ (ባዶውን ሰሃን እያነሳች) ይኸው፣ ጨርሰኸዋል።