ባቲኮቹ ሰፈር ሲሰፉ

ትናንት የተኛሁት ድሬዳዋ ነው፤ በሕልሜ ያየሁትም ድሬዳዋን ነው። ልዩነቱ በሕልሜ በረዶ ይጥል ነበር።

ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆሜአለሁ። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ዳገቱ ከብዶት ያለከልካል፤ አልፎ አልፎም ድንጋይ ላይ አረፍ ይላል። አንድ ኮት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በአጠገቤ አለፈ። ውስጡ ሰው የለም። ከኋላው ሦስት ነጠላዎች በጋሪ ተሳፍረው እየተሳሳቁ መጡ። ጋሪውን የሚጎትተው ባለጋሪው ነው። ፈረሱ ከላይ ተቀምጦ ጫት ይቅማል።

"በቀኝ በኩል ዙር!" ይለዋል ፈረሱ። "ስንቴ ልንገርህ?"

ባለጋሪው ዞረ። እኔም ሰው ሁሉ ወዴት ሄዶ ነው ብዬ አብሬ ዞርኩ። ዞሬ ሳልጨርስ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አራት ቦታ ታጥፌ ተቀምጫለሁ። አያምም። እንዲያውም ደስ ይላል። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ታጥፌ አላውቅም። ከሥሬ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ሙሜ ታጥፏል።

"ንጋቱ፣ አንተም መጣህ?" አለኝ ከታች።

"ምን እየሆንን ነው?"

"እየተሸጥን ነዋ አቦ! ዝም ብለህ ታጠፍ። የተጨማደደ አይገዙም።"

ባለሱቁ አንድ ጣቃ አቡጀዴ ነው። ወፍራም ነው፤ ሲራመድ እየተተረተረ ራሱን መልሶ ይጠቀልላል። በሩ ላይ አንድ ሱሪ ቆሞ ይነታረካል። በእጁ የያዘው ሰውዬ ሆዱ ገፍቷል። "ይሄ ሰው ሰፍቶኛል" ይላል ሱሪው፤ "ከወገቡ ላይ ያዙልኝ።" አቡጀዴው ሰውየውን ተቀብሎ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ሰውየውም "እስከ መቼ ይደርሳል?" ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ሁለት ባቲኮች፣ በሰምና በቀለም የተነከሩ ጨርቆች፣ ገቡ።

ትልቋ ውኃ ሰማያዊ ናት፤ ነጫጭ ቅጠል ጣል ጣል ብሎባታል። ትንሿ ብርቱካን መልክ ናት። ባቲክ ሲነከር ሰሙ ይሰነጠቅና ቀለሙ በስንጥቁ ይገባል፤ ያ ቀጫጭን መስመር የትንሿን ገላ ሞልቶታል። ገና ሳያቸው አወቅኋቸው። እቤቴ ያሉት ናቸው። የጎረቤታችን ልጅ ሰዓዳ ደብረ ብርሃን ልታገባ ነው፤ "በብርድ ልትገሉኝ ነው፤ መሀሉ ባዘቶ ያለበት ድርብ ብርድ ልብስ ስፉልኝ" ብላ ያመጣቻቸው ባቲኮች ናቸው። በካሬ በካሬ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። የምትሰፋቸው ባለቤቴ እልፍነሽ ናት። ዛሬ ተያዝኩ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

አላወቁኝም። ትልቋ በጠርዟ ዳሰሰችኝ፤ ገልብጣ ጀርባዬን አየች፤ መልሳ ፊቴን አየች።

"ፊቱ የቱ ነው?"

"ሁለቱም ያው ነው እመቤቴ" አለ አቡጀዴው። "በፈለጉት በኩል ይሰፋል።"

"ይለቃል?"

"ምኑ ይለቃል? የደረቀ ሽማግሌ እኮ ነው።"

"ቀለምስ አለው?"

"አራተኛ ክፍል ድረስ።"

ትንሿ ባቲክ ሳቀች። ትልቋ ግን አልሳቀችም። "ሳላጥብ አልሰፋም" አለች። "ሳፋ አምጡ።"

ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከሩኝ፤ ጨው ጨመሩበት። ውኃው ወዲያው ደፈረሰ። ከላዬ የሚለቀው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ሲንሳፈፍ ነው። ሳልናገር የተውኩት ነገር ሁሉ ነው። "ወጡ ጨው በዝቶበታል" ተንሳፈፈ። "ሬዲዮውን ቀንሺው" ተንሳፈፈ። "ሙሜ፣ ይሄን ጆሮዬን ትቆርጠኛለህ" ተንሳፈፈ። ከሁሉ በላይ ግን "ይሄ ቀሚስ ያምርብሻል" የሚለው ሳፋውን ሞልቶ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ትንሿ ባቲክ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

"ይሄንን ዋጥ አድርጎ እንዴት ኖረ?"

"ጭመቂው" አለች ትልቋ።

ጨምቀው አሰጡኝ፤ በካውያ ተኮሱኝ። ካውያው በረዶ ነበር። ከዚያ በብብታቸው ይዘውኝ ወጡ። በከዚራ በኩል ስናልፍ ዛፎቹ በሰው ጥላ ሥር ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ነፋሱ እየበረታ ነው። ትልቋ "ፍጠኑ፣ ሳይመሽ ሰፈር ሰፍተን እንጨርስ" ትላለች።

ሰፈር ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ እቤታቸው ስንደርስ ነው። እኛ ጨርቅ ቆርጠን ስንገጣጥም ብርድ ልብስ እንላለን። እነሱ ሰው ሲገጣጥሙ ሰፈር ይሉታል። ብርድ ሲሆን ሰፈር ደርበው ይተኛሉ።

ወለሉ ሰፊ ነው። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ተዘርግቷል። የታመመ የለም፤ የተከፋ የለም። ሁሉም "እኔ ይሄ ቦታ ይስማማኛል" እያለ ይንጫጫል። ከእኔ ጋር የተገዛውን ሙሜን አንዲት ትራፊክ ፖሊስ አጠገብ ጣሉት።

"እሱ ፈዛዛ ነው፤ እሷ ደማቅ ናት። ያስኬዳል" አለች ትልቋ።

"ማነው ፈዛዛ?" አለ ሙሜ። ግን ደስ ብሎታል፤ ጠርዙን እያስተካከለ ተጠጋት።

ያኔ አየኋት። መሀል ላይ፣ በእስፒል ተይዛ፣ እልፍነሽ ተዘርግታለች። ሕልም ነው ብላ ወጣት አልሆነችም። የዛሬዋ እልፍነሽ ናት። ቀለሟ ግን የበሰለ ዘይቱን ሲከፈት የሚታየው ሮዝ ነው። አብሬያት ኖሬ እንዲህ ዓይነት ቀለም እንዳላት አላውቅም ነበር። ልቤ ዘለለ። ካሬ ሆኜም ዘለለ።

"ንጋቱ! ታጠብክ እንዴ?"

"አስገድደውኝ ነው።"

"አምሮብሃል! ና፣ ና፣ አጠገቤ ባዶ ቦታ አለ። ስጠብቅህ ነው የቆየሁት።"

ትንሿ ባቲክ አንሥታ እልፍነሽ አጠገብ ልታደርገኝ ስትል ትልቋ ጮኸች።

"አይሆንም! አይታይሽም? አንድ ቀለም ናቸው። አንድ ቀለም ጎን ለጎን ከሄደ ይዋዋጣል፤ ሁለቱም ይጠፋሉ።"

ራሴን አየሁ። እውነት ነው። ታጥቤ፣ ላይ ላዩ ለቅቆ፣ ከሥር የወጣው ቀለም ያው ዘይቱን ነው።

"ባሌ ነው እኮ!" አለች እልፍነሽ።

"ለዚያ ነዋ! አብራችሁ ብዙ ጊዜ ታጥባችኋል። አንዳችሁ በአንዳችሁ ላይ ለቅቃችኋል።"

"ታዲያ የት ላድርገው?" አለች ትንሿ። "ሌላው ቦታ ሞልቷል።"

"ከረጢት ውስጥ።"

ከረጢቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። የቁርጥራጭ ከረጢት ነው። እሱ ውስጥ የገባ ለትራስ መሙያ ይሆናል፤ ከትራስ ውስጥ ደግሞ የወጣ የለም። ትንሿ ባቲክ በጥግ ይዛኝ ወደ ከረጢቱ መሄድ ጀመረች። ከረጢቱ አፉን ከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የማንም ጉርብትና የለበትም።

"ቆይ!" አልኩ። "እኛ አንድ ቀለም አይደለንም!"

ትልቋ ባቲክ ዞረች። "አሳየኝ።"

ምን እንደማሳይ አላውቅም። እልፍነሽ ግን ገብቷታል። ዓይኗን ጠቀሰችኝና አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች።

"እኔና እሱ? እግዚኦ! ምን አገናኘን? ሌሊት ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ የሚተኛ ሰው ነው!"

የውሸት መሆኑን እያወቅሁ ተናደድኩ።

"የማዞረው አንቺ ስለምትደርቢ ነው! በድሬዳዋ ሙቀት ጋቢ የምትደርብ ሴት ከአንቺ በቀር ማን አለ?"

"ይኸው፣ ይኸው! ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ምን ዓይነት የድሬ ልጅ ነው?"

"እሷ ደግሞ ሻይ አትጠጣም። ስኳሩን ነው በማንኪያ የምትበላው፤ ሻዩ ለማርጠቢያ ነው!"

ወለሉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አሁን እየጮኸ ነው። "መልስ ስጣት አቦ!" ይላል ሙሜ። ትራፊኳ ፊሽካዋን ነፋች። ራሴን ሳይ ወደ አመድማ ሰማያዊ እየሄድኩ ነው። እልፍነሽ እየቀላች ነው። ትልቋ ባቲክ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየች ጠርዟን ታሻለች።

"ክር መርፌ ውስጥ አስገቢልኝ ይለኛል" አለች እልፍነሽ፤ "አስገባለሁ። ከዚያ ሰው ሲመጣ ‘እኔ ነኝ የሰፋሁት’ ይላል።"

"የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነዋ! አንቺ ስትሰፊ ታወሪያለሽ። ስታወሪ መስመሩ ይጣመማል። የሰፋሽውን ሁሉ አይቶ ስለምን ስታወሪ እንደነበር መናገር ይቻላል!"

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ደሜ ይሞቃል። በሕይወቴ ሙሉ ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም፤ ጣዕሙንም አላውቀውም ነበር። ለካ መጣላት እንዲህ ደስ ይላል። ከረጢቱ አፉን ቀስ በቀስ መግጠም ጀመረ።

እልፍነሽም ጋለች። ጋለችና ተሳሳተች።

"በሰርጋችን ቀን እንኳ ጫማ ጠቦት እያነከሰ ነው የመጣው! ሚዜዎቹ ደግፈውት!"

"የጠበበኝ አንቺ የመረጥሽው ስለሆነ ነው! ‘ልክህ ነው ወይ’ ስትዪኝ አዎ ያልኩሽ ለማን ብዬ ነው?"

አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ሊያመልጣት ነው። እኔም ሊያመልጠኝ ነው። ሰማያዊው ከላዬ መሸሽ ጀመረ፤ ቅላቱም ከእሷ።

"እየተመሳሰሉ ነው!" ብላ ጮኸች ትንሿ ባቲክ።

"ከረጢት!" አለች ትልቋ።

ከረጢቱ በሁለት ጠርዙ እየዘለለ መጣ። የሸሚዜን ጫፍ ነከሰ። እልፍነሽ እስፒሎቿን ነቅላ ልትነሣ ታገለች። "ንጋቱ፣ ተናገር! አንድ ነገር በል! ስደበኝ!" ትለኛለች። ሰው ሁሉ "ተናገር! ተናገር!" ይላል። አፌን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ያለኝ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ፈስሷል። ዝም አልኩ።

"ይኸው!" አለች እልፍነሽ፤ ድምጿ ቤቱን ነቀነቀው። "ይኸው፣ እዩት! ነፍሱ ልትወጣ ነው፣ ዝም አለ! እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? በሕልሜ እንኳ ዝም ብዬ አላውቅም! ዝም የሚል ሰውና ዝም የማይል ሰው አንድ ቀለም ናቸው? የትኛው ነካሪ ነው አንድ ሳፋ ውስጥ የነከረን? እስቲ ንገሪኝ!"

ትልቋ ባቲክ ቀርባ አየችን። እኔን አየች፤ ዝም ብያለሁ። እሷን አየች፤ ገና እየተናገረች ነው።

"እውነትም" አለች። "አቤት ልዩነት! ጎን ለጎን ስፏቸው! ቶሎ፣ ሳይስቁ!"

ከረጢቱ ለቀቀኝ። ትንሿ ባቲክ እልፍነሽ አጠገብ አነጠፈችኝ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። የስፌት ማሽኑ ከለገሀር በኩል እያፏጨ መጣ፤ ባቡር የሚያክል ነው፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መርፌው የመብራት ምሰሶ ያህላል።

"እጅህን ስጠኝ" አለች እልፍነሽ።

ሰጠኋት።

"እንዳትስቅ።"

"አልስቅም።"

ሳቅሁ። መርፌው ወረደ።

"ወይኔ! ወጋሁህ እንዴ?"

ዓይኔን ገለጥኩ። ነግቷል። ላብ አጥምቆኛል። እልፍነሽ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በቤታችን ሰፋ ያለ ቦታ አልጋው ብቻ ነውና የሰዓዳን ብርድ ልብስ እዚያው ዘርግታ የመጨረሻውን መስመር በእጅ መርፌ ትጨርሳለች። የዘረጋችው እኔ ላይ ነው።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?"

"በእንቅልፍህ ትስቅ ነበር። ሳሳሁልህና ተውኩህ። ደግሞም ጨርሻለሁ።" ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው።

በሩ ተደበደበ።

"እማማ እልፍነሽ! መኪናው ቆሟል! ሚዜዎቹ ጡሩምባ ሊነፉብኝ ነው፣ ወላሂ!"

"መጣሁ ሰዓዳዬ!" ብላ ብድግ አለች። ብርድ ልብሱ አብሯት ተነሣ። እኔም አብሬው ተነሣሁ።

ሁለታችንም ወደ ታች አየን። የመጨረሻው መስመር በባቲኩ ላይ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ያምራል። በአንድ በኩል የእኔን ሸሚዝ፣ በሌላ በኩል የእሷን ቀሚስ ይዞ ነው የሄደው። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ነው። በድርብ ክር።

"መቀሱ የታለ?" አልኩ።

"በረንዳው ላይ። ማሽኑ ጋ።"

"ሰዓዳ የቆመችበት?"

"እሷ የቆመችበት።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ፣ በጥርሴ ልተርትረው።"

"በየትኛው ጥርስህ?"

"እማማ! ገባሁ!" አለች ሰዓዳ።

በሩ ተከፈተ። ሙሽራዋ ሂና እንደተቀባች ደፉ ላይ ቆመች። እልፍነሽን አየች፤ ብርድ ልብሱን አየች፤ ከብርድ ልብሱ ውስጥ የወጣውን የእኔን ራስ አየች።

"እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

እልፍነሽ ወደ እኔ ዞር አለችና ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝ።

"ገበሩ ነው" አለቻት።