ሊቀ ማሻሻያ ይሻው እና የፈዋሿ እጅ

ባለፈው ክረምት መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ ወደ ጋሳይ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ፣ አንዲት አሮጊት ዶሮ ታቅፈው በሩ ላይ ቀርተው አየሁ። ረዳቱ «እማማ፣ የሚቀጥለው ላይ» ይላቸዋል። ከውስጥ አንድ ሰው ወረደ። ሴትዮዋን ደግፎ በቦታው አስቀመጠና በሩን ዘጋላቸው። መኪናው ሄደ፤ ዝናቡ መጣ። «እግዜር ይስጥህ» ልለው ስጠጋ ሰውዬው ተራ አስከባሪውን ክንዱን ይዞታል።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የአሠራሩ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ነፍሰ ጡር፣ ቀጥሎ ዶሮ የያዘ። ትንሽ ብቻ ብንነካካው እኮ ጥሩ አሠራር ነው!»

ተራ አስከባሪው ክንዱን አስለቅቆ ወደ ጣራ ሥር ሮጠ። ይሻው ነበር፤ ሌላ ማን ይሆናል?

እግዚአብሔር በየከተማው ያልተበላሸ ነገር የሚጠግን አንድ ሰው ሳያስቀምጥ አልቀረም። በእናንተም ሰፈር አይጠፋም፤ የደብረ ታቦሩ ይሻው ነው። ሥራው ሞባይል ጥገና ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ስትወስዱለት ስክሪኑ ተቀይሮ፣ ደወሉም ተቀይሮ፣ የዘመዶቻችሁም ስም በአዲስ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ይመለስላችኋል። በዕድራችን የደንብ ማሻሻያ ያላቀረበበት ስብሰባ የለም። አንድ ጊዜማ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስለ ንፍሮው አቀራረብ አስተያየት ሲጀምር፣ የዕድሩ ዳኛ «አንተ ልጅ፣ እስኪ ሐዘንተኛው ይቀመጥ!» አሉት። በልቤ ሊቀ ማሻሻያ ብዬ የሾምሁት ያን ዕለት ነው።

ለዚህ ሰው አንድ ጨዋታ ተገኘለት። ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ወደ አማርኛ መልሶ፣ በእርሳስ በደብተር ጻፈው። ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። ይሻው ተረቱን ይመራል፤ እኛ እያንዳንዳችን በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው እንሆናለን፤ አንዱ ባለ ጋሻ፣ አንዷ ፈዋሽ፣ አንዱ ጠቢብ። የሞከርነው ነገር መሳካቱን ዕጣ ይወስናል፤ ለዚህም ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው የጠርሙስ ቆርኪዎች ጣሳ ውስጥ አሉ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣ ይሳካለታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሱቁ ጀርባ እንሰበሰባለን። እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ፣ ያገኘሁትን እያነበብሁ እዚህ የደረስሁ ሰው ነኝ። ይሻው ስንተኛ ክፍል እንደደረስሁ አልጠየቀኝም። «ጋሽ አዳነ፣ እርስዎ ጠቢቡን ይሁኑ» ብሎ ጣሳውን አቀበለኝ። ያን ቀን ተመስገን ብዬ ነው ያደርሁ።

ጠቢቡ ቃል ተናግሮ እሳት ያወርዳልና ሥጋት ገብቶኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ማንን ያቃጥላል?» አሉኝ።

«ወረቀት ላይ ያለ ጭራቅ ነው፣ አባ።»

«ወረቀቱ ይቃጠላል?»

«ኧረ አይቃጠልም።»

«እንግዲያውስ እሑድን በሐሜት ከምታሳልፍ ይሻላል።»

ፈዋሻችን ፈንታነሽ ናት፤ ባለ ጋሻችን ደግሞ ጨርቅ ነጋዴው ነጂብ ነው። እሱም እንደ እኔ ለጠቢቡ ንግግር የተሰጠውን «ድግምት» የሚል ስም አልወደደውም፤ ተስማምተን «ቃል» ብቻ አልነው።

በመጀመሪያው ደንብ ቃል የሚናገረው ጠቢቡ ብቻ ነበር፤ በተረቱ ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ ይናገራል፣ ከዚያ ተኝቶ እስኪነሣ ይጠብቃል። የሌሎቹ ስጦታ ግን አይቆጠርም፤ ባለ ጋሻው ይመክታል፣ ፈዋሿ እጇን ጭና ታድናለች። በጾመ ፍልሰታ ሊቀ ማሻሻያችን ይህን ተመለከተ።

«በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሕግ? ሁሉም ስጦታ ቃል ይሁን! ስሙ፣ ርቀቱ፣ በቀን ስንቴ እንደሚነገር፤ ለሁሉም አንድ ቅጽ! ያጠና ሰው የሌላውንም ቃል ይናገር። ትንሽ ብቻ ብንነካካው…»

ሱባዔ የገባ ይመስል ሁለት ሳምንት ጻፈ።

በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያው እሑድ ድልድይ ላይ አራት ሽፍቶች ገጠሙን። ነጂብ ሦስቱን መከተ። አራተኛው መጣ።

«እመክታለሁ» አለ ነጂብ።

«አትችልም፤ የመመከት ቃልህ አልቋል» አለ ይሻው።

«ጋሻው እኮ በእጄ ነው!»

«ተኝተህ እስክትነሣ አይሠራም።»

«ወላሂ፣ ሽፍታው ከታገሠኝ እዚሁ ድልድዩ ላይ እተኛለሁ!»

ሳቅን። ያልሳቀችው ፈንታነሽ ናት፤ ፈዋሿ። ነጂብ ሲቆስል እጇን ዘረጋች። እሱ ግን የፈውስን ቃል ከደብተሩ አጥንቶ ነበርና ራሱን አዳነ። እኔም ሳላስበው ራሴን አዳንሁ። እስክንነሣ ድረስ አንዲት ቆርኪ አላወጣችም።

«ታዲያ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?» አለች።

«አንቺም እኮ አሁን መመከት ትችያለሽ!» አለ ይሻው ደስ ብሎት።

«ይሻው፣ እኔ ነርስ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ‹መድኃኒቱ የለም፣ ባሕር ዳር ውሰዱት› ስል ነው የምውል። እዚህ ግን እጄን የጫንሁበት ሁሉ ይድን ነበር።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ሦስት እሑድ አልመጣችም። ነጂብ «እሷ ከቀረች እኔም ሱቄን እከፍታለሁ» አለ፤ ጨዋታው ሊፈርስ ነው። ይሻው በሚያውቀው መንገድ ሊጠግነው ተነሣ። የፈውስ ቃሏን እጥፍ አድርጎ በስልክ ላከላት፤ ዝም አለች። ሦስት እጥፍ አደረገው። ከሩቅም እንዲሠራ አደረገው። በመጨረሻ እኔንና ነጂብን ሽማግሌ አድርጎ ላከን።

በአገራችን ሽማግሌ የበዳዩን ይቅርታ ይዞ ነው የሚሄድ። እኛ የያዝነው ባለ ዐሥራ አንድ አንቀጽ ማሻሻያ ነበር። በሯ ላይ ስንደርስ ነጂብ «ጋሽ አዳነ፣ ይህን ካነበብንላት ሁለተኛ በደል ነው» አለኝ። አደራ ነውና አነበብሁላት። እስከ አንቀጽ አራት ታገሠች።

«ጋሽ አዳነ፣ እርስዎን አክብሬ ነው እንጂ… እኔ የተሻለ አልፈለግሁም። የነበረውን ነው የፈለግሁ። እንዲህ ብላለች ይበሉልኝ።»

ሄጄ ነገርሁት። ዐሥራ ሁለተኛውን አንቀጽ ስጠብቅ ይሻው የፈታታውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደተበተነ ትቶ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ የድሮውን እኮ ፍቄዋለሁ። በላዩ ላይ ነው የጻፍሁበት» አለኝ፤ የሰው ዕቃ እንደሰበረ ሰው እጁን እያየ።

ስንት ዓመት ስቄበታለሁ። ነገር ግን «ምን ይደረግ፣ እንዲሁ ነው» ሲባል እየሰማሁ ባረጀሁበት ከተማ፣ ሁሉም ነገር መሻሻል ይችላል ብሎ በየጠዋቱ የሚነሣ ሌላ ሰው አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ ሁላችንንም ለውጠን፤ ይህን ልጅ ግን ብዙም አትለውጠው አልሁ በልቤ።

«እርስዎ ያነበቡትን አይረሱም» አለኝ ቀና ብሎ። «የእሷን ገጽ እንደነበረ ይጻፉልኝ። በእስክርቢቶ። እዚህ አይጻፉት፣ ቤትዎ ይጻፉት፤ ሳያሳዩኝም ይውሰዱላት። ካየሁት እጄ አያርፍም።»

ልወጣ በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ከታች ‹ይቅርታ› የሚል ይጨምሩልኝ። አንቀጽ ቁጥር ግን አይስጡት።»